የዮርክሻየሩ የእንስሳት ሐኪም በአዲስ ተዋንያን፦ የቆየ ድራማ ሲታደስ ምን ይቀራል፣ ምን ይለወጣል?

በድንጋይ አጥር የተከፋፈሉ የግጦሽ መስኮች፣ ጠባብ በረት፣ ምጥ የጠናባት ላም፣ ክንዱን እስከ ትከሻው በሳሙና አጥቦ ከኋላዋ የተንበረከከ ወጣት ሐኪም፤ «ኦል ክሪቸርስ ግሬት ኤንድ ስሞል» የተሰኘው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ በተመልካች አእምሮ የተቀረጸው በዚህ ምስል ነው። ስያሜው «ታላቁም ታናሹም ፍጥረት ሁሉ» እንደማለት ሲሆን፣ ከአንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ መዝሙር የተወሰደ ነው። ድራማው በቢቢሲ መታየት የጀመረው በ1978 ነበር። በ2020 ደግሞ ቻናል 5 የተባለው የብሪታንያ ጣቢያ ያንኑ ታሪክ ከመነሻው አንሥቶ፣ ተዋንያኑን ሁሉ ለውጦ እንደገና ሠራው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ ድራማ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዘውድ፣ ሰይፍና የጦር ሜዳ ነው። ይህ ግን የበረት ታሪክ ነው። ዘመኑ የ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ቦታው በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የዮርክሻየር ገጠር፣ ጉዳዩም የገበሬው ላም ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም የሚለው ነው። በየክፍሉ የሚያስጨንቀው ነገር ይኸው ነው፤ አንዲት ላም ስትሞት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ አብሮ ይሄዳልና። ለእኛ ሀገር አርሶ አደርና በከተማ ዳር የወተት ላም ለሚያረባ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

በሕዝብ የተወደደን ድራማ በአዲስ ፊቶች የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አዲሱ ተዋናይ የሚቀዳው ከማን ነው? በሕይወት ከነበረው ሰው፣ ከመጽሐፉ ወይስ ከእርሱ በፊት ሚናውን ከተጫወተው ተዋናይ? የዮርክሻየሩ ድራማ ለዚህ ጥያቄ በየገጸ ባሕርዩ የተለያየ መልስ ሰጥቷል፤ ለማጥናት የሚመችም ያደረገው ይህ ነው።

ሰውየው፣ መጽሐፉና ድራማው

የታሪኩ ተራኪ ጄምስ ሄሪየት ይባላል። ስሙ የብዕር ስም ሲሆን፣ የደራሲው እውነተኛ ስም ጄምስ አልፍሬድ ዋይት ነበር። በ1916 በእንግሊዟ ሰንደርላንድ ተወልደው ያደጉት በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ነው። በዚያው ከተማ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በ1939 ተመርቀው፣ በቀጣዩ ዓመት ተርስክ በተባለች የዮርክሻየር ከተማ በዶናልድ ሲንክሌር ክሊኒክ ተቀጠሩ። የዶናልድ ታናሽ ወንድም ብራያንም በዚያው ቤት ነበር የሚኖሩት። በዘመኑ የሙያው ሕግ ሐኪም ራሱን እንዲያስተዋውቅ ስለማይፈቅድ፣ ዋይት ታሪካቸውን መጻፍ ሲጀምሩ የሰዎቹንም የከተማዋንም ስም ለወጡ። ዶናልድ «ሲግፍሪድ ፋርነን»፣ ብራያን «ትሪስታን»፣ ተርስክ ደግሞ «ዳሮቢ» ሆኑ። «ሄሪየት» የሚለውን ስም የወሰዱት በቴሌቪዥን ሲጫወት ካዩት የእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1970 ሲታተም ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። እስከ እርጅናቸው ከሕክምናው አልራቁም፤ ያረፉትም በ1995 ነው።

መጽሐፎቹ በአንባቢ እጅ ከገቡ በኋላ ወደ ካሜራ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1975 እና በ1976 ሁለት ፊልሞች ተሠሩ፤ በሁለቱም ጄምስን የተጫወቱት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ሳይመን ዋርድ በመጀመሪያው፣ ጆን አልደርተን በሁለተኛው። የቢቢሲው ድራማ ከ1978 እስከ 1980 ከታየ በኋላ ተቋርጦ፣ በመካከል ሁለት የገና በዓል ልዩ ዝግጅቶች ቀርበው፣ ከ1988 እስከ 1990 እንደገና ተመልሷል። በድምሩ 90 ክፍሎች ነበሩት። በ2011 ደግሞ ቢቢሲ የጄምስን የኮሌጅ ዘመን የሚያሳይ ሦስት ክፍል ያለው አጭር ድራማ አቅርቧል። ስለዚህ ኒኮላስ ራልፍ በ2020 የጄምስን ካፖርት ሲለብሱ አምስተኛው ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ ከቀደሙት አራቱ ሕዝብ አጥብቆ የሚያስታውሰው አንዱን፣ የቢቢሲውን ክሪስቶፈር ቲሞቲን ነው።

አፉን ሲከፍት የሚታወቅ እንግዳ

ሁለቱ ጄምሶች ከመልካቸው በፊት የሚለዩት በአንደበታቸው ነው። ቲሞቲ በዌልስ የተወለዱ ሲሆን፣ ጄምስን የተጫወቱት በተስተካከለ የእንግሊዝ አነጋገር ነበር። ራልፍ ግን ከሰሜን ስኮትላንድ የመጡ ናቸው። ከዚህ ድራማ በፊት በቴሌቪዥን የሚታወቁ ሰው አልነበሩም፤ አነጋገራቸውንም አልለወጡም። ዋይት ግላስጎ ያደጉ ሰው ስለነበሩ፣ በዚህ ረገድ አዲሱ ድራማ ከአሮጌው ይልቅ ወደ እውነተኛው ሰው ቀርቧል።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የአንድ አካባቢ ሰው ሌላ አካባቢ ሄዶ አፉን እንደከፈተ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ከሸዋ የመጣ ባለሙያ ጎጃም ገጠር ገብቶ ስለ ከብት ክትባት ሲናገር፣ አርሶ አደሩ ምክሩን ከመስማቱ በፊት አነጋገሩን ይሰማል። በታሪኩ ውስጥ የዮርክሻየር ገበሬም እንዲሁ ነው። እርሱ የሚያምነው ሲግፍሪድን ነው፤ ያ ካልተገኘ ትሪስታንን ይታገሣል፤ ከስኮትላንድ የመጣውን ልጅ ግን ላሙን ከማስነካቱ በፊት ከእግር እስከ ራሱ ይመረምረዋል። ተዋናዩ ስኮትላንዳዊ አነጋገር ይዞ ሲመጣ ይህ ጥርጣሬ ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባናል። በቢቢሲው ድራማ ያው ጥርጣሬ አለ፤ ግን በጽሑፉ ውስጥ እንጂ በጆሮ አይሰማም።

ዕድሜውን የቀየረው ተዋናይ

በሲግፍሪድ ላይ የሆነው የተገላቢጦሹ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት እንሥራ። ዋይት በ1940 ተርስክ ሲደርሱ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። አሠሪያቸው ዶናልድ ሲንክሌር በ1911 የተወለዱ በመሆናቸው ገና 29 ዓመታቸው ነበር። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በ1978 ግን ቢቢሲ ሚናውን ለሮበርት ሃርዲ ሰጠ፤ ሃርዲ ያኔ 52 ዓመታቸው ነበር። አዲሱን ሲግፍሪድ የሚጫወቱት ሳሙኤል ዌስት በ1966 የተወለዱ ናቸውና ድራማው ሲጀምር 54 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አዲሶቹ አዘጋጆች የሠላሳ ዓመት ሰው መምረጥ ሲችሉ ለምን የሃምሳ ዓመት ሰው መረጡ? ምክንያቱ ሃርዲ ናቸው ብሎ መገመት ይቻላል። የእርሳቸው ሲግፍሪድ የሚቆጣ፣ የሚጮኽ፣ ጠዋት የከለከለውን ከሰዓት በኋላ ራሱ የሚያደርግ፣ በዚያው ልክ ደግሞ ለጋስ ሰው ነበር። ተመልካቹ ይህን ሰው ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ካየ በኋላ ሲግፍሪድ ማለት የጎለመሰ ሰው ማለት ሆነ። ስለዚህ አዲሱ ምርጫ የተከተለው በሕይወት የነበሩትን ዶናልድን ሳይሆን ቀዳሚውን ተዋናይ ነው። ዶናልድ ሲንክሌር ራሳቸው በመጽሐፉ በተሣለላቸው ምስል ደስተኛ አልነበሩም።

በዚህ ረገድ የጠፋ ነገር አለ ባይ ነኝ። ሁለት ወጣት ሐኪሞች፣ ገበሬው ገንዘብ በሌለው ዘመን፣ ገና ባልጠና ክሊኒክ አብረው ሲታገሉ ማየት፣ ጎልማሳ አሠሪ ጀማሪን ሲቀርጽ ከማየት የተለየ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ዛሬም ከኮሌጅ ወጥተው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ወይም ትንሽ ክሊኒክ በጋራ የሚከፍቱ ወጣቶች ታሪክ ይሆን ነበር። ሁለቱም ድራማዎች የሰጡን ሁለተኛውን ነው።

ዌስት ግን የሃርዲ ግልባጭ አይደሉም። የእርሳቸው ሲግፍሪድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ኀዘኑን በሥራና በቁጣ የሚሸፍን ሰው ነው። ሃርዲ ነጎድጓድ ከነበሩ ዌስት ዝናብ ያዘለ ደመና ናቸው። ድምፁ ከፍ ይልና ወዲያው ይወርዳል፤ ሰውየው የሚናገረውን ሳይጨርስ ይተወዋል፤ ዝም ብሎም ወደ መድኃኒት መደርደሪያው ይዞራል።

የታናሽ ወንድሙ የትሪስታን ነገር ያን ያህል አያከራክርም። ብራያን ሲንክሌር በ1940፣ ፒተር ዴቪሰን በ1978፣ ካለም ውድሃውስም በ2020 ሁሉም በሃያዎቹ አጋማሽ ነበሩ። ዕድሜው የተጠበቀለት ብቸኛው ዋና ገጸ ባሕርይ እርሱ ነው። በ2023 በታየው አራተኛ ምዕራፍ ውድሃውስ ባልተገኙ ጊዜ አዘጋጆቹ ሚናውን ለሌላ ተዋናይ አልሰጡም። ትሪስታንን ወደ ጦርነቱ ልከው፣ ካርሞዲ የተባለውን ተማሪ ከመጽሐፉ አውጥተው በቦታው አስገቡ፤ ትሪስታን በ2024 ተመለሰ።

የጄምስ ሚስት፣ የቤቷ አስተዳዳሪና የወይዘሮዋ ውሻ

ሚናን ለሌላ ሰው መስጠት በ2020 የተጀመረ አይደለም፤ የቢቢሲው ድራማም በራሱ ዕድሜ አድርጎታል። የጄምስን ሚስት ሄለንን እስከ 1985 የተጫወቱት ካሮል ድሪንክዋተር ነበሩ፤ በ1988 ድራማው ሲመለስ ሊንዳ ቤሊንግሃም ተተኩ። ባልየው ያው፣ ቤቱም ያው፣ ሚስቲቱ ግን ሌላ ሴት። ተመልካች ይህን ዓይነቱን ለውጥ ከሙሉ እድሳት ይልቅ ለመልመድ ይቸገራል። ሁሉም ሰው ሲለወጥ ዓለሙ እንዳለ ተለወጠ ብሎ ይቀበላል፤ ከማዕድ ላይ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ግን ዓይን እዚያው ይተከላል።

በአዲሱ ድራማ ሄለንን የሚጫወቱት ሬቸል ሸንተን ናቸው። ሄለን የገበሬ ልጅ ናት፤ በአዲሱ ቅጂም የአባቷን እርሻ በጉልበቷ የምታካሂድ ሆና ትታያለች፤ ኮርማ ትይዛለች፣ ጭቃ ትረግጣለች፣ ስለ መኖና ስለ ኪራይ ታስባለች። ይህ ከመጽሐፉ የመጣ ነው። የዋይት ባለቤት ጆአን ግን ገበሬ ሳይሆኑ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። እንግዲህ በሄለን ጉዳይ ሁለቱም ድራማዎች መጽሐፉን እንጂ ሕይወቱን አልተከተሉም።

ከሁሉ ይበልጥ የተለወጠችው የቤቷ አስተዳዳሪ ወይዘሮ ሆል ናት። በቢቢሲው ሜሪ ሂግኔት የተጫወቷት ሆል በዕድሜ የገፋች፣ ምግብ አቅርባ ስልክ አንሥታ የምትሄድ ሴት ነበረች። ሂግኔት በ1980 ሲያርፉም ሚናው ለሌላ አልተሰጠም፤ ሌሎች የቤት አስተዳዳሪዎች ገቡ። ደራሲው ቤን ቫንስቶን የጻፏትና አና ማደሊ የሚጫወቷት አዲሷ ሆል ግን ወጣት ናት። ከእርሷ የራቀ ልጅ አላት፤ ቤቱን የምትይዘው እርሷ ናት፤ ሲግፍሪድንም ዝም የምታሰኘው እርሷ ብቻ ናት። በመጽሐፉ እንዲህ ያለች ሴት የለችም። ቢሆንም ከለውጦቹ ሁሉ የተሳካው ይህ ይመስለኛል። ሦስት ወንዶች ከበረት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ በረት በሚመላለሱበት ታሪክ ውስጥ ምግቡን፣ ሒሳቡንና የስልክ ጥሪውን ማን ይይዝ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሀብታሟ ወይዘሮ ፓምፍሬይ ደግሞ በአጭር ጊዜ ሁለት ፊት አይታለች። በቢቢሲው ማርጋሬታ ስኮት የተጫወቷትን ይህችን ሴት በ2020 የተረከቡት ታዋቂዋ ዳያና ሪግ ነበሩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በመታየት ላይ ሳለ በመስከረም ወር ዐረፉ። ከ2021 ጀምሮ ሚናው የፓትሪሺያ ሆጅ ሆነ። የወይዘሮዋ ከልክ በላይ የተቀለበ ውሻ ትሪኪ ግን በሁለቱም አልተለወጠም፤ ዴሬክ የተባለው ፔኪኒዝ ውሻ ሁለቱንም ወይዘሮዎች በአንድ ዓይነት ንቀት ሲመለከት ይታያል።

ከብቶቹም ይመረጣሉ

የእንስሳት ጤናና እርባታ የተማረ ሰው ይህን ድራማ ሲያይ ከፊት ይልቅ እጅን ይመለከታል። ምጥ የጠናባትን ላም የሚረዳ ሰው ገመዱን የት አሰረ? የጥጃውን ሁለት የፊት እግሮች ለየብቻ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ መሆን አለበት። መቼ ሳበ? ላሟ ስታምጥ አብሮ፣ ስታርፍ አብሮ ማረፍ ይገባዋል። ወዴትስ ሳበ? ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ወደ ታች፣ ወደ ላሟ ቋንጃ አቅጣጫ ነው። ተዋናይ ይህን ካሳሳተ የበረት ሰው ወዲያው ያውቅበታል።

የቢቢሲው ድራማ ይህን ችግር የፈታው በቀጥታ መንገድ ነበር። ክሪስቶፈር ቲሞቲ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ክንዳቸውን በእውነተኛ ላም ውስጥ ያስገቡ ነበር። በቀዝቃዛ በረት ሸሚዛቸውን አውልቀው በድንጋይ ወለል ላይ ሲንበረከኩ በፊታቸው የሚታየው ምሬት ሁልጊዜ ትወና ብቻ አልነበረም። ተመልካቹም ይህን ያውቅ ነበር። የዚያ ድራማ እውነተኛነት ዝና በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

በ2020 አሠራሩ ተለውጧል። ለእንስሳው ሕመም ወይም ጭንቀት የሚያመጣ ድርጊት በእውነተኛ ላም ላይ አይፈጸምም። ላሟ ቆማ ስትታይ እውነተኛዋ ናት፤ የሐኪሙ ክንድ ሲገባ የሚታየው ግን ሰው ሠራሽ የላም ኋላ ነው። የሚተኛው ወይም የታመመ መስሎ የሚታየው እንስሳ አስቀድሞ የሠለጠነ ነው። በቀረጻው ቦታ የእንስሳት ሐኪም ቆሞ የተዋንያኑን አያያዝ ያርማል፤ ተዋንያኑም ሥራውን ሳይጀምሩ እንስሳ መቅረብን፣ ማዳመጫ መጠቀምንና ማሰርን ተምረዋል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? በበኩሌ የአሁኑን እደግፋለሁ። ለቀረጻ ተብሎ ደጋግሞ የሚመረመር እንስሳ ይጨነቃል፤ ሊጎዳም ይችላል፤ ያለ ሕክምና ምክንያት ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን አዲሱ አሠራር አንድ ነገር ያስከፍላል። እውነተኛ ላም ስታምጥ የሐኪሙን ክንድ እስኪደነዝዝ ትጨምቃለች። ያን ስሜት ሰው ሠራሹ አካል አይሰጥም፤ ተዋናዩ ከራሱ ማምጣት አለበት። ራልፍ በአብዛኛው ያመጡታል፤ አንዳንዴ ግን ጥጃው ቶሎ የመጣ ይመስላል።

ከዚህ የማያንሰው የዝርያ ጉዳይ ነው። ዛሬ በብሪታንያ የወተት እርሻዎች ላይ በብዛት የሚታየው ጥቁርና ነጭ ሆልስታይን ፍሪዥያን ነው፤ በእኛም ከተሞች ዙሪያ ካሉ የተዳቀሉ ላሞች አብዛኞቹ ደማቸውን ያገኙት ከዚሁ ዝርያ ነው። በ1930ዎቹ የዮርክሻየር ሸለቆዎች ግን በብዛት የነበሩት ሾርትሆርን የተባሉ ቀይ፣ ነጭና ቡሬ ላሞች ነበሩ፤ ወተትም ሥጋም የሚሰጡ። ሾርትሆርን ዛሬ ቁጥሩ ያነሰ ዝርያ ነውና ለቀረጻ ተፈልጎ የሚመጣ እንስሳ ሆኗል። ፊቱ ጥቁር፣ አፍንጫው አካባቢ ነጭ የሆነው የስዌልዴል በግ ግን ዛሬም በዚያው ተራራ ይሰማራል፤ እርሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም።

በጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ቢጫ መለያም አለ። በዛሬዋ ብሪታንያ ማንኛውም ከብት በሁለቱም ጆሮው ላይ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። በ1978 ይህ አልነበረም፤ በ1937ም አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ አንዲት ላም የአያቷን ዘመን እንድትወክል ከተፈለገ መለያዋ ከካሜራው መሸሸግ ወይም ከምስሉ ላይ በኮምፒዩተር መጥፋት አለበት። የአሮጌው ድራማ አዘጋጆች ያልነበረባቸው ጣጣ ነው።

ቦታውም ተለውጧል። የቢቢሲዋ ዳሮቢ አስክሪግ የተባለች መንደር ነበረች፤ የአሁኗ ግራሲንግተን ናት። ሁለቱም በዮርክሻየር ሸለቆዎች ውስጥ ይገኛሉ። ዋይት የኖሩባት ተርስክ ግን ከሸለቆዎቹ ውጪ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሁለቱም ድራማዎች ተራራውን የመረጡት ለዓይን ስለሚያምር ነው።

በሽታው ያው ነው

ተዋንያኑ ቢለወጡም የሚያክሟቸው በሽታዎች አልተለወጡም። ከወለደች በኋላ ካልሲየም አንሷት የወደቀች ላም መርፌ ተወግታ በደቂቃዎች ውስጥ ስትነሣ በሁለቱም ድራማዎች የምትታይ ትዕይንት ናት፤ የጡት በሽታም እንዲሁ። ዘመኑ ፔኒሲሊን ወደ በረት ያልገባበት በመሆኑ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ያለው ውሃ፣ ሳሙና፣ ገመድና ትዕግሥት ነው። ዋይት ራሳቸው ላሞችን ሲያዋልዱ በብሩሴሎሲስ ተይዘው ለዓመታት ትኩሳቱ ይመላለስባቸው ነበር።

አዲሱ ድራማ ከአሮጌው ይልቅ ረዘም አድርጎ የያዘው ጉዳይ የከብት ቲቢ ነው። በ2022 በታየው ሦስተኛ ምዕራፍ ጄምስ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን እንዲያስመረምሩ ለማሳመን ይደክማል። በ1930ዎቹ ብሪታንያ ከወተት ላሞች 40 በመቶ ያህሉ በበሽታው እንደተያዙ ይገመት ነበር፤ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ሕፃናትም ይሞቱ ነበር። ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሙ የላሟን አንገት ላይ ጥቂት ጸጉር ይላጫል፤ የቆዳዋን ውፍረት ለክቶ ይመዘግባል፤ ቲዩበርኩሊን የተባለውን ንጥረ ነገር በቆዳዋ ውስጥ ይወጋል፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እንደገና ይለካል። ቦታው ካበጠ ላሟ በበሽታው እንደተያዘች ይቆጠራል።

ሐኪሙ የሚፈራው ሁለተኛውን ጉብኝት ነው። በመጀመሪያው ቀን ገበሬው ሻይ ይጋብዛል። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ መለኪያውን ሲያወጣ ገበሬው የሚያየው መለኪያውን ሳይሆን የሐኪሙን ፊት ነው። ላሟ ጤነኛ ትመስላለች፣ ትበላለች፣ ትታለባለች፤ ግን መሄድ አለባት። በከብቱ ጥቂት ሳንቲሞች ለሚያገኝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ራልፍ ብዙ አይናገሩም፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያነባሉ። የምርመራ ቡድን በረታቸው የደረሰ የወተት ላም አርቢዎቻችን ይህን ትዕይንት ትርጉም ሳያስፈልጋቸው ይረዱታል።

በዚያ ዘመን መንጋቸው ንጹሕ መሆኑ ለተረጋገጠ ገበሬዎች የወተት ዋጋ ጭማሪ ይከፈል ነበር፤ ምርመራው ግን በፈቃደኝነት ነበር። ግዴታ የሆነው ከ1950 ጀምሮ ነው። ወተት ማፍላት ይህን በሽታም ብሩሴሎሲስንም ይከላከላል፤ ይህ ለዳሮቢም ለእኛም እኩል ይሠራል።

ዋይት የሠሩበት ቤት በተርስክ ኪርክጌት ጎዳና ቁጥር 23 ዛሬም ቆሟል፤ ሙዚየም ሆኗል። ጎብኚው በአንድ ጣሪያ ሥር ዋይት መድኃኒት ይቀምሙበት የነበረውን ክፍልና ቢቢሲ ለቀረጻ ከሠራቸው ክፍሎች የተረፉትን ያያል።